ከርዕስ ወደ ጥያቄ፦ በማኅበራዊ ሥራ የጥናት ፕሮፖዛል ማቀድና መጻፍ



የጥናት ፕሮፖዛል ሲነሣ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው ቅጹን ነው፦ የጥናቱ ዳራ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ የአጠናን ዘዴ፣ የጊዜ ሰሌዳና በጀት። ቅጹን በሥርዓት መሙላት ተገቢ ነው፤ ገምጋሚው የሚፈልገውን የት እንደሚያገኝ ያውቃል። ይሁን እንጂ ቅጹ ሞልቶ ጥናቱ ግን ሳይታቀድ ሊቀር ይችላል።

ፕሮፖዛል ሦስት ነገሮችን ማስታረቅ አለበት። አንደኛው ልናውቀው የምንፈልገው ነገር ነው። ሁለተኛው በእጃችን ባለው ጊዜ፣ ገንዘብና ችሎታ ልናውቀው የምንችለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የምንጠይቃቸውን ሰዎች ሳንጎዳ ልንጠይቅ የሚገባን ነው። ሦስቱ የሚገናኙት በጥናቱ ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ንግግር በጥያቄው ዙሪያ አዋቅሬዋለሁ፤ ምሳሌዎቼንም ከዚሁ ከሰሜን ወሎ፣ በተለይም ከሀብሩ፣ እወስዳለሁ።

ጥያቄው መፍትሔውን ይመራል

የጥያቄ አቀራረጽ ምን ያህል እንደሚያመዝን ለማየት ከወሎ መራቅ አያስፈልገንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በዚህ ምድር የገባው ረሀብ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረበና ነገሩ በዓለም ዘንድ ታወቀ።

ስለዚህ ረሀብ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጥያቄ ዝናቡ ለምን ቀረ የሚል ነው። ጥያቄው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን መልሱ ሰማይ ላይ ስለሆነ ለሰው የሚተወው ሥራ ጥቂት ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሀብ በሚተነትን መጽሐፉ ለኢትዮጵያ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ ይኸውም እህል በአገሪቱ እያለ የወሎ ገበሬ ለምን ሊያገኘው አልቻለም የሚል ነው። በዚያ ጥያቄ መነሻነት የገበያ ዋጋ ሲመረምር፣ በደሴ የእህል ዋጋ እንደ ረሀቡ ክብደት እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል እንደነበር አስተዋለ። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቶ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት፣ ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በሚሸፍነው መጽሐፋቸው፣ የገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ የተጋለጠበትን ምክንያት ጠየቁ፤ ትኩረታቸውም ከድርቁ ይልቅ በገበሬው የኑሮ ሥርዓትና በላዩ በተጫኑት ኃይሎች ላይ ሆነ።

ሦስቱም ጥያቄዎች ስለ አንድ ረሀብ ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብን ወደ መጠበቅ ይመራል፤ ሁለተኛው የመግዛት አቅምን ወደ መደገፍ፤ ሦስተኛው የገበሬውን አቋም ወደ መለወጥ። በፕሮፖዛላችሁ ላይ የምትጽፉት አንድ መስመር ጥያቄ፣ ከጥናቱ በኋላ ማን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከወዲሁ ይወስናል። ማኅበራዊ ሥራ ደግሞ በመጨረሻ ለሰው የሚሠራ ነገር የሚፈልግ ሙያ ነው።

ርዕስን ወደ ጥያቄ ማውረድ

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በዚህ አካባቢ ለሚያጠና ተማሪ በተደጋጋሚ የሚመጣለት ርዕስ «በሀብሩ ወረዳ የሕገ ወጥ ስደት መንስኤዎችና ውጤቶች» የሚል ነው። ጉዳዩ እውነተኛ ነው። ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ፤ ሴቶች ልጆች በአውሮፕላን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ይጓዛሉ። በዚህ አዳራሽ ዘመዱ ያልሄደበት ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ይህ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሦስት ችግሮች አሉበት። በመጀመሪያ፣ መልሱ ከመስክ ሥራው በፊት የታወቀ ነው፤ ድህነት፣ ሥራ አጥነት፣ የመሬት ጥበት፣ የደላላ ግፊት፣ የጓደኛ ተጽዕኖ ተብሎ ይጠቃለላል። ሁለተኛ፣ «ሕገ ወጥ» የሚለው ቃል ተጠያቂዋን ገና ሳትናገር ተከሳሽ ያደርጋታል። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሥራ ላይ እያለ፣ ያሻገራት ደላላም ጎረቤቷ ወይም የሥጋ ዘመዷ ሊሆን እየቻለ፣ ይህን ቃል በያዘ መጠይቅ ፊት እውነቱን ትናገራለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሦስተኛ፣ «መንስኤና ውጤት» ሲባል ወሰን የለውም፤ በስምንት ወር የሚጠናቀቅ ጥናት ሁለቱንም ሊሸከም አይችልም።

ርዕሱን ለማውረድ አምስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ ማን? የት? መቼ? ስለ ምን ግንኙነት? መልሱን ማን ሊጠቀምበት? እስቲ እንሞክረው።

«ማን?» ለሚለው፣ የሚሄዱትን ትተን የተመለሱትን ሴቶች እንውሰድ። «የት?» ለሚለው፣ በወረዳው ሁሉ ከመበተን አንድ የመንገድ ዳር ከተማና አንድ ከመንገድ የራቀ የገጠር ቀበሌ ብንመርጥ ማነጻጸር እንችላለን። «መቼ?» የሚለው እዚህ አገር ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ የመጣች ሴት፣ የሥራ ውሏን ጨርሳ በፈቃዷ የተመለሰች ሴት፣ እንዲሁም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ካመሰ በኋላ የተመለሰች ሴት «ተመላሽ» በሚል አንድ ስም ይጠሩ እንጂ የተመለሱበት አገር አንድ አይደለም። በፕሮፖዛሉ ላይ የትኛዋ እንደሆነች መጻፍ አለበት።

«ስለ ምን ግንኙነት?» ለሚለው ደግሞ ወሎ የራሱን መልስ ይሰጠናል። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በእኛ ዘንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛን ያስተዛዝናል፤ የቅሬ አባል መሆንም በሰፈር ሰው ሆኖ መቆጠር ነው። አባልነቱ በአብዛኛው የሚመዘገበው በቤተሰብ ስም ነው። እንግዲህ ያላገባች፣ ወይም ባሏን ፈትታ በወላጆቿ ቤት ያረፈች ተመላሽ በቅሬው ዘንድ የምትቆጠረው በማን ስም ነው? ለዓመታት በላከችው ገንዘብ የተሠራው ቤትስ በማን ስም ተመዝግቧል? ለሕመሟ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፣ ወደ ጸበልና ወደ ዱአ ነው፣ ወይስ ወደ ዱበርቲ?

ከዚህ በኋላ ጥያቄያችን እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ከዓረብ አገር ተመልሰው ቢያንስ አንድ ዓመት በሀብሩ የኖሩ ሴቶች ከቤተሰብ፣ ከቅሬና ከወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ አገልግሎት ድጋፍ የሚያገኙት እንዴት ነው? ድጋፉስ የሚቋረጠው የት ላይ ነው?» ይህን ጥያቄ ማንም ሳይጠና ሊመልሰው አይችልም። መልሱ ሲገኝም የሚጠቀሙበት ሰዎች ይታወቃሉ፤ የቅሬው ዳኛ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ።

ከዚህ በፊት የታወቀው

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ደራሲዎችን በተርታ የመደርደሪያ ቦታ አይደለም። ሦስት ነገር ሊያሳይ ይገባዋል፦ ተመራማሪዎች የተስማሙበትን፣ የተለያዩበትን፣ ስለ እኛ አካባቢ ግን ያልታየውን። የእናንተ ጥያቄ የሚገባው በሦስተኛው ክፍት ቦታ ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ ከሌላው የሚከብድበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረና እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ ነው። ሙያው ሠላሳ ዓመት ያህል የራሱ ቤት ስላልነበረው፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ድጋፍና ስለ መልሶ መቋቋም የተጻፈው በሶሲዮሎጂ፣ በአንትሮፖሎጂና በጤና ጥናቶች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ። እነዚህን ሳያነቡ «በዚህ ጉዳይ የተጠና ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ለገምጋሚ የሚሰጥ መጥፎ ምልክት ነው።

ከውጭም የምንማረው አለ። በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው የሀል ሀውስ ነዋሪዎች፣ ጄን አዳምስና ባልደረቦቿ፣ በሚኖሩበት የስደተኞች ሰፈር የየቤቱን ገቢና የነዋሪውን ምንጭ መዝግበው በ1895 በካርታ አሳትመዋል። ያጠኑት የጎረቤቶቻቸውን ኑሮ ነው፤ ውጤቱንም ለጎረቤቶቻቸው ጉዳይ መሟገቻ አደረጉት። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንደምንለው፣ እናንተም የአካባቢውን አነጋገርና ወግ ማወቃችሁ ማንም የውጭ ተመራማሪ በቀላሉ የማያገኘው ሀብት ነው። በፕሮፖዛሉ ውስጥ እንደ አቅም ጻፉት፤ ቅርበታችሁ ሊያስከትል የሚችለውን አድልዎም አብራችሁ ግለጹ።

ዘዴው ለጥያቄው ይገዛ

ዘዴ ከጥያቄ ይወለዳል። «እንዴት» እና «የት ላይ ይቋረጣል» የሚሉ ጥያቄዎች ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅን ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ በጥንቃቄ የተመረጡ ሴቶች ሊበቁ ይችላሉ። «ምን ያህሎቹ» የሚል ጥያቄ ከሆነ ግን ናሙናና መጠይቅ ያስፈልጋል።

በብዙ ፕሮፖዛሎች ላይ የያማኔ ቀመር ያለ ማብራሪያ ተገልብጦ ይገኛል። ቀመሩ የጥናቱን ሕዝብ ብዛት፣ አንድ ሲደመር ብዛቱ በስሕተት ወሰኑ ካሬ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት ያካፍላል። ብዛቱ 2,000፣ የስሕተት ወሰኑ 0.05 ቢሆን 2,000 ለ6 ይካፈልና 333 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው 2,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተመላሾች የቆዩበት የተሟላ መዝገብ በቀበሌ ላይኖር ይችላል፤ የነበረውም በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ዝርዝሩ ከየት እንደሚገኝ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ ማኅደር ይሁን ከቅሬ መዝገብ፣ በማን ፈቃድ እንደሚታይና በዝርዝሩ የማይገኙት እነማን እንደሆኑ መናገር አለበት።

ቁጥሩን በቀንም መንዝሩት። አንድ ጠያቂ በቀን አምስት ሰው ቢያነጋግር 333 ሰው 67 የሥራ ቀን ይወስድበታል፤ ሁለት ጠያቂዎች ቢሆኑ 34 ቀን። ይህ በጊዜ ሰሌዳችሁ ውስጥ የማይገባ ከሆነ ከመስክ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ አስተካክሉት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል።

የመለኪያ ቋንቋም አንዱ የዘዴ ጉዳይ ነው። የአእምሮ ጭንቀትን ለመለካት ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በቡታጅራ በኢትዮጵያውያን ላይ ስለተፈተሸ ከባዶ ከመጀመር ይሻላል። ሆኖም የሀብሩ ሴት ሕመሟን በሌላ ቃል ልትናገር ትችላለች፤ «ልቤ ይሸፍታል»፣ «ሆዴ ይባባል» ልትል ትችላለች። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ ቅድመ ሙከራ ማድረግ የሚጠቅመው ይህን ለማወቅ ነው።

ጠያቂው በመንደሩ ዓይን

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምግብ ዋስትና ችግር ባለባቸው ወረዳዎች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቷል። መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፈው፣ የማይችሉት በቀጥታ ድጋፍ፣ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላሉ። ይህ ፕሮግራም ባለበት ቀበሌ ቅጽና እስክሪብቶ ይዞ «ስንት በሬ አለ? ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በመንደሩ ዓይን መልማይ ነው። ሰውየው በሬውን ቢቀንስ፣ ሴትየዋም ልጇ የላከችውን ብር ብትደብቅ ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ በመልሳቸው ምክንያት የቤተሰቡ ቀለብ እንዳይቋረጥ ስለሚጠነቀቁ ነው።

ይህን በፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። የመስክ ሥራው ከምልመላ ወቅት ይራቅ። ጥናቱ ከእርዳታ ጋር ግንኙነት እንደሌለው በተጠያቂው ቋንቋ በግልጽ ይነገር። የንብረት ጥያቄዎች ወደ መጨረሻ ይሂዱ። የቀበሌው ሹም የፈቃድ ደብዳቤውን ይቀበል እንጂ ተጠያቂዎችን እሱ አይምረጥ፤ እሱ ከመረጠ የምናገኘው እሱ ሊያሳየን የወደደውን ነው። በመጠለያ ያሉ ተፈናቃዮችን ለምታጠኑ ደግሞ፣ ለምሳሌ እዚሁ ሀብሩ ውስጥ በጃራ፣ ጥንቃቄው ከዚህ ይበልጣል። እርዳታ የሚሰጠውና ጥናት የሚያደርገው ለተፈናቃዩ አንድ ሊመስሉት ስለሚችሉ «አልፈልግም» ለማለት ያለው ነጻነት ጠባብ ነው።

የማንጎዳበት መንገድ

የሥነ ምግባር ክፍል በብዙ ፕሮፖዛሎች አንድ አንቀጽ ብቻ ይሰጠዋል፦ «ምስጢር ይጠበቃል፤ ፈቃድ ይጠየቃል።» እንዴት የሚለው ግን አይገኝም። አራት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው ስምን መለወጥ ብቻ ምስጢር እንደማይጠብቅ ነው። «ከኩዌት የተመለሰች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በገበያ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ስሟን ብትለውጡም መርሳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የትኞቹ ዝርዝሮች እንደሚቀሩ ወይም እንደሚደበላለቁ በፕሮፖዛሉ ላይ ይወሰን።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። በወሎ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። በቤት የታቀደ የግል ቃለ መጠይቅ በአንድ ሲኒ ጊዜ ውስጥ የሰፈር ስብሰባ ይሆናል። ይህ ለትውውቅ መልካም ነው፤ ለምስጢር ግን ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ ይዘጋጅ።

ሦስተኛው የቁስል ጉዳይ ነው። ጥያቄያችን ስለ ድጋፍ ከሆነ በአሠሪ ቤት የደረሰባትን ግፍ በዝርዝር የምንጠይቅበት ምክንያት የለም። ራሷ ብታነሣው እናዳምጣለን፤ ብታለቅስ እናቆማለን፤ እርዳታ ብትሻ ወደ ማን እንደምንመራት አስቀድመን ከጤና ባለሙያ ጋር ተስማምተን በጽሑፍ ይዘናል። ይህ ስምምነት ከሌለ የመስክ ሥራው አይጀመር።

አራተኛው የፈቃድ አጠያየቅ ነው። የማያነብ ሰው በማያውቀው ወረቀት ላይ ጣቱን እንዲያሳርፍ ማድረግ ፍርሃት እንጂ ፈቃድ አያስገኝም። በምስክር ፊት የሚሰጥ የቃል ፈቃድ፣ በየመሐሉም መቀጠል ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ ይበልጥ የታመነ ነው።

ጊዜና ገንዘብ

የጊዜ ሰሌዳ በተጠያቂዎቹ የቀን መቁጠሪያ ይሠራ። ኅዳርና ታኅሣሥ የማሽላና የጤፍ አጨዳ ነው፤ ገበሬው ቤት አይገኝም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በሚኖሩበት በዚህ አገር ዐቢይ ጾምና ረመዳን፣ የሠርግ ወራትና የገበያ ቀን መታሰብ አለባቸው። ባለንበት ሁኔታም መንገድ ሊዘጋ፣ ስልክ ሊቋረጥ ይችላል፤ በምን ሁኔታ መስኩን እንደምታቆሙ፣ የተሰበሰበውን መረጃ የት እንደምታስቀምጡ ከወዲሁ ጻፉ። የአጥኚውም የተጠያቂዋም ደኅንነት ከጥናቱ ይቀድማል።

በበጀት ላይ ትራንስፖርትና አበል አይረሱም፤ የሚረሳው ጽሑፉን የመገልበጥ ሥራ ነው። አንድ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 20 ቃለ መጠይቆች 100 ሰዓት፣ ማለትም ከ12 ቀን በላይ ሙሉ ሥራ ናቸው። ሌላው የሚረሳው ወደ ማኅበረሰቡ ተመልሶ ውጤቱን የማሳወቂያ ወጪ ነው። በበጀት ያልተያዘ መመለስ አይፈጸምም።

የመጨረሻው ነጥቤም ይኸው ነው። የዚህ አካባቢ ሕዝብ ስለ ድርቅ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መፈናቀል ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ መልሱ ምን እንደሆነለት ሲነገረው ግን ብዙም አይሰማም። ስለዚህ በፕሮፖዛላችሁ ላይ አንድ ቀን መድቡ፤ ከትምህርት ክፍሉ ግምገማ በኋላ ወደ ቀበሌው ሄዳችሁ ለቅሬው ሽማግሌዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗና ለተጠያቂዎቹ ያገኛችሁትን በቀላል አማርኛ የምትነግሩበት ቀን። እዚያ ቆማችሁ ልትናገሩት የማትችሉት ግኝት ካለ፣ አጻጻፉን ወይም ጥያቄውን እንደገና ማየት እንዳለባችሁ ያመለክታል።

ፕሮፖዛላችሁን ለአማካሪያችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ጥያቄውን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና፣ ስለምታጠኑት ጉዳይ ከሚያውቅ አንድ የሀብሩ ሰው ጋር ተነጋገሩበት። «ይህን ብታውቁ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ መልስ ይኑራችሁ። ያ መልስ ካላችሁ የቀረውን ቅጽ መሙላት አይከብዳችሁም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።